መንግሥት ገንዘባችሁን ሲይዝ፦ አቤቱታ፣ ፍርድ ቤት፣ ድርድር ወይስ ዝምታ?

አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ወይም ጉምሩክ ገንዘባችሁን ወይም መኪናችሁን «ከወንጀል ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ ከያዘ፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። ብዙ ሰው ደብዳቤውን ሲያይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደንግጦ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ወይ ቅጹ ላይ መጀመሪያ ያየው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ይልከዋል። በሁለቱም መንገድ ሊመለስ ይችል የነበረ ገንዘብ ቀልጦ ይቀራል።

ደብዳቤው ምርጫ ነው የሚያቀርብላችሁ። ለያዘው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማስገባት አለ። «የይገባኛል ጥያቄ» አቅርቦ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንዲታይ መጠየቅ አለ። መደራደር አለ። መተውም አለ። እኔ በዚህ ላይ ግልጽ አቋም አለኝ። ጥፋት የሌለበት፣ የገንዘቡን ምንጭ ማሳየት የሚችልና የጠበቃ ወጪ የሚያዋጣው ሰው ፍርድ ቤቱን ይጠይቅ። አቤቱታ የሚሆነው አንድ ሕግ ለጣሰ፣ ገንዘቡ ግን ንጹሕ ለሆነ ሰው ነው። ዝምታ ለማንም አይሆንም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ፌዴራል ሕጉ ነው፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የጠበቃ ምክርን አይተካም። ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ነገሩ የእኛን ሰው በተለይ የሚነካው ካሽ ስለምንይዝ ነው። እቁብ በካሽ ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ካሽ ይሰበሰባል። አገር ቤት ቤት የሚያሠራ፣ እናቱን የሚያሳክም፣ የጎረቤቱን አደራ ይዞ የሚሄድ ሰው ኪሱ ካሽ አለ። ካሽ መያዝ ወንጀል አይደለም። ማንኛውንም መጠን ይዞ ከአሜሪካ መውጣትም ሆነ መግባት አይከለከልም፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ፖሊስ ግን ብዙ ካሽ ሲያይ መጠርጠር ይቀናዋል።

ንብረቱ በምን መንገድ ተያዘ?

ከምርጫው በፊት ይህን ለዩ። ንብረት በሦስት መንገድ ሊያዝ ይችላል፤ የሦስቱም መውጫ የተለያየ ነው።

አንደኛው ለማስረጃ ነው። ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ሰነድ በብዛት የሚያዙት በዚህ ነው። መንግሥት ንብረቱን ሊወርሰው አልፈለገም፤ ለምርመራው ነው የሚፈልገው። ሰው ሲታሰር ፖሊስ ስልኩን ሊይዝ ይችላል። ስልኩን ከፍቶ ለመፈተሽ ግን በመደበኛው የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ2014 ወስኗል። ለማስረጃ የተያዘ ንብረት እንዲመለስ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። እምቢ ካለ በፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 41፣ ፊደል ጂ መሠረት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። በዚህ መንገድ ለተያዘ ንብረት ከታች የማነሣቸው አራቱ ምርጫዎች አያገለግሉም።

ሁለተኛው በወንጀል ክስ ውስጥ መውረስ ነው። ሰው ይከሰሳል፣ ጥፋተኛ ይባላል፣ ንብረቱ የቅጣቱ አካል ሆኖ ይወረሳል። እዚህ ላይ የሚጎዱት ብዙ ጊዜ ያልተከሰሱት ናቸው። ባል ተፈርዶበት ሚስት የገዛችው መኪና አብሮ የሚወረስበት ጊዜ አለ። ሚስትየዋ የይገባኛል ጥያቄ ማቅረብ የምትችለው ማስታወቂያው በደረሳት ወይም መጨረሻ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይቆጠራል። ንብረቱ የእሷ መሆኑን የምታስረዳውም እሷ ናት። «እኔ ስላልተከሰስኩ አይመለከተኝም» ብሎ መቀመጥ እዚህ ላይ ንብረት ያስበላል።

ሰውን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ሦስተኛው ነው። የሚከሰሰው ሰው ሳይሆን ንብረቱ ነው። መዝገቡ ራሱ «ዩናይትድ ስቴትስ በ124,700 ዶላር ላይ» ተብሎ ይከፈታል። ይህ የእውነት መዝገብ ነው፤ ስምንተኛው ሰርኪዩት የሚባለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2006 ወስኖበታል። ሰውዬው ሳይከሰስ፣ ሳይፈረድበት ገንዘቡ ሊወረስ ይችላል። አራቱ ምርጫዎች ያሉበት ደብዳቤ የሚመጣው በዚህ መንገድ ለተያዘ ንብረት ነው።

ቀኑ ከሁሉ ይቀድማል

ሕጉ በ2000 ተሻሽሏል፤ አሁን የምንጠቀምባቸው የጊዜ ገደቦች የመጡት በዚያን ጊዜ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ንብረት ከያዘ በ60 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ መላክ አለበት። የከተማ ወይም የስቴት ፖሊስ ይዞ ለፌዴራል ካስረከበ ጊዜው 90 ቀን ነው።

የእናንተ ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ነው፤ ከደረሳችሁበት ቀን አይደለም። የይገባኛል ጥያቄ ማቅረቢያው የመጨረሻ ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ከተላከ በኋላ ከ35 ቀን ያነሰ ሊሆን አይችልም። አቤቱታ ለማስገባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጣል። ወረቀቱ በዚያ ቀን መሥሪያ ቤቱ እጅ መግባት አለበት። በዚያ ቀን ፖስታ ቤት መጣሉ አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማስረጃው ሙሉ የነበረ ሰው ጭምር ነው በዚህ የሚቀረው።

አድራሻ ከቀየራችሁ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ሊሄድ ይችላል። ደብዳቤ ካልደረሳችሁ ማስታወቂያው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ ፎርፊቸር ዶት ገቭ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ያኔ የይገባኛል ጥያቄው ጊዜ ማስታወቂያው መጨረሻ ከወጣበት ቀን 30 ቀን ነው።

አቤቱታ

አቤቱታ ማለት ንብረቱን ለያዘው መሥሪያ ቤት «እባካችሁ መልሱልኝ» ወይም «ቅጣቱን ቀንሱልኝ» ብሎ መጻፍ ነው። ጠበቃ አያስፈልግም። ገንዘብ አይከፈልበትም። ቅጹ ቀላል ነው። ለዚህም ነው ሁሉም ወደሱ የሚሮጠው።

ችግሩ ውሳኔው ነው። የሚወስነው የያዘው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ዳኛ የለም፤ ምስክር የሚሰማበት ችሎት የለም። የተወረሰው ገንዘብ የሚገባው የፍትሕ ሚኒስቴር ወይም የግምጃ ቤቱ የውርስ ፈንድ ውስጥ ሲሆን፣ ሕግ አስከባሪዎቹ ከዚያ ይጠቀማሉ። አብሮ የሠራ የከተማ ፖሊስ እስከ 80 በመቶ ድርሻ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥቅም ያለበትን አካል ይቅርታ መጠየቅ ምን ያህል ሊያስተማምን እንደሚችል እናንተው መዝኑት።

ሌላም አለ። የፍትሕ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ ለምሳሌ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪው ዲኢኤ፣ አቤቱታን ሲያዩ መያዙ ትክክል ነበር ከሚል ይነሣሉ። «አልተሳሳትኩም» የሚለው ክርክር እዚያ ቦታ የለውም። አቤቱታው የምሕረት ጥያቄ ነው። መልስ የሚሰጡበት የተቆረጠ ቀን በሕግ የለም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ከሁሉ የከፋው፣ ዲኢኤ ዘንድ አቤቱታ ብቻ ብታስገቡ የይገባኛል ጥያቄው ቀን አይቆምላችሁም። ቀኑ ሲያልፍ ንብረቱ ይወረሳል። አቤቱታው ውድቅ ከሆነ ያላችሁ እንደገና ይታይልኝ ብሎ በ10 ቀን ውስጥ መጻፍ ነው። የፍርድ ቤቱ በር ግን ያኔ ተዘግቷል።

ጉምሩክ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አቤቱታን ብትመርጡም፣ ንብረቱ ከመወረሱ በፊት ሐሳብ ቀይራችሁ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መጠየቅ ትችላላችሁ። የደረሳችሁን ቅጽ ቃል በቃል አንብቡት፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁን ሰው ፈልጉ።

ታዲያ አቤቱታ ለማን ይሆናል? ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ሳያስመዘግብ ኤርፖርት ለተያዘ፣ ገንዘቡ ግን የደመወዙ ወይም የቤት ሽያጩ ለሆነ ሰው ይሆናል። ጥፋቱ አለ፤ መካድ አይጠቅምም። የገንዘቡ ምንጭና የሚውልበት ጉዳይ በሰነድ ከታየ ጉምሩክ የተወሰነ ቅጣት ቆርጦ ሌላውን የሚመልስበት አሠራር አለው። ትንሽ ገንዘብ ለተያዘበትም አቤቱታ ይሻላል። ለ2,000 ዶላር የሚሟገት ጠበቃ ማግኘት ይከብዳል።

አቤቱታ ስትጽፉ ለቅሶ አታብዙ። የኑሮ ችግር ይጠቀስ፤ ዋናው ግን ሰነድ ነው። የባንክ ስቴትመንት፣ የታክስ ፋይል፣ ገንዘቡ የወጣበት ደረሰኝ፣ የሚውልበት ውል።

የይገባኛል ጥያቄና ፍርድ ቤት

ይህ መንገድ ያስፈራል። «ከመንግሥት ጋር ተካስሼ የት እደርሳለሁ» የሚል አለ። ወረቀቱ ያላለቀለት ደግሞ ስሙን ፍርድ ቤት ማስገባት አይፈልግም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ሕጉ ለባለንብረቱ ጥበቃ የሰጠው ግን በዚህ በኩል ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። ንብረቱ ምን እንደሆነ፣ የእናንተ መብት በምን እንደሆነ ትጽፋላችሁ፤ በመሐላ ታረጋግጣላችሁ፤ ትፈርማላችሁ። በ2000 ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት ለዚህ ዋስትና ማስያዝ ግድ ነበር፤ አሁን ለአብዛኛው ጉዳይ ቀርቷል። በአንዳንድ የጉምሩክ ሕጎች ለሚያዝ ዕቃ ግን እስካሁን ይጠየቃል። ካሽ ባለማስመዝገብ ሲያዝ አይጠየቅም።

ጥያቄው ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ብቻውን መውረስ አይችልም። ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ወይ ፍርድ ቤት ክስ ይመሠርታል፣ ወይ ንብረቱን ያካተተ የወንጀል ክስ ያቀርባል፣ ወይ ይመልሳል። ዳኛ ጊዜውን ሊያራዝምለት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይለወጣል። ዐቃቤ ሕጉ ጊዜና ሠራተኛ የሚቆጥር ሰው ነው። ደካማ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይዞ መቆም አይፈልግም። ኤርፖርት ላይ «ጠርጥረናል» ማለት ቀላል ነበር። ዳኛ ፊት ማስረዳት ሌላ ነው።

በጥቅምት 2017 የሆነውን ላንሣ። አንዲት ነርስ ከሂዩስተን ወደ ናይጄሪያ ስትሄድ 41,377 ዶላር ተያዘባት። በትውልድ መንደሯ ክሊኒክ ልታቋቁምበት ነበር። ማስመዝገብ እንዳለባት አላወቀችም። ክስ አልቀረበባትም። የመረጠችው ፍርድ ቤቱን ነበር። 90 ቀኑ አለፈ፤ መንግሥት ክስ አልመሠረተም። መመለስ ነበረበት። ጉምሩክ ግን «እንዳትከሺን ፈርሚ፣ ያኔ እንመልሳለን» የሚል ወረቀት ላከላት። አልፈረመችም፤ ከሰሰች። ገንዘቡ ተመለሰላት። አቤቱታ መርጣ ቢሆን ኖሮ የ90 ቀኑ ገደብ ባልጠቀማት ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ከመጣላችሁ ሳትፈርሙ ጠበቃ አሳዩ።

ክስ ከተመሠረተ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ነው። ንብረቱ ከወንጀል ጋር መያያዙን ሚዛን በሚደፋ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ይህ በወንጀል ክስ ከሚጠየቀው «ከጥርጣሬ በላይ» ያነሰ ነው። ቢሆንም ሸክሙ የእናንተ አይደለም። መኪናችሁን ሌላ ሰው ለወንጀል ከተጠቀመበት ግን አለማወቃችሁን፣ ወይም አውቃችሁ ለማስቆም የምትችሉትን ማድረጋችሁን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

በዋናነት ከረታችሁ መንግሥት የጠበቃችሁን ወጪ ይከፍላል፤ ለገንዘቡ ወለድ የሚከፈልበትም አለ። ይህ ጠበቃ ለማግኘት ይረዳል። አንዳንዶቹ ከሚመለሰው ድርሻ ለመውሰድ ይስማማሉ። መንግሥት በነፃ ጠበቃ የሚያቆምላችሁ ግን በጣም በጠበበ ሁኔታ ነው፤ ዋናው የምትኖሩበት ቤት ሊወረስ ሲሆንና አቅም ሲያጥራችሁ ነው።

አደጋውንም ልናገር። መጀመሪያ ያነሣሁት የ124,700 ዶላር መዝገብ ላይ የሥር ፍርድ ቤቱ ለባለገንዘቡ ፈርዶ ነበር። ይግባኝ ላይ ተገለበጠ። መኪናው ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ አልተገኘም። ሰውዬው ግን ፖሊስ ሲያስቆመው ብዙ ገንዘብ አልያዝኩም ብሎ ነበር። ያ ውሸት ተከትሎት ሄደ። ፖሊስ ሲጠይቃችሁ ዝም ማለት መብታችሁ ነው። መዋሸት ግን ኋላ የምታቀርቡትን እውነት ሁሉ ያበላሽባችኋል።

ሁለተኛው አደጋ መሐላው ነው። የጻፋችሁት ነገር በወንጀል ምርመራ ሊቀርብባችሁ ይችላል። የወንጀል ክስ ይመጣብኛል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችሁ ያላለቀ ከሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የወንጀልም የኢሚግሬሽንም ጠበቃ አነጋግሩ። መሠረት የሌለው ጥያቄ ያቀረበ ሰውም ከ250 እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ሦስተኛው ወጥመድ ወረቀት ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ማቅረብ ብቻ አይበቃም። ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመሠረተ፣ አሁን ለፍርድ ቤቱ ሌላ የይገባኛል ጥያቄ ይገባል። ከዚያ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ይከተላል። ዐቃቤ ሕጉ ከገንዘቡ ጋር ስላላችሁ ግንኙነት ዝርዝር ጥያቄ ሊልክ ይችላል፤ ለዚያም 21 ቀን ነው ያላችሁ። ያለ ጠበቃ ጀምሮ እዚህ ላይ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄውን ራሳችሁ ጽፋችሁ አስገቡ ልል እችላለሁ። ክስ ከመጣ በኋላ ግን ብቻችሁን አትሂዱ።

ድርድር

ድርድር በሁለት ቦታ ይገኛል። የጉምሩኩ ቅጽ ላይ «ይህን ያህል ውሰዱ፣ ሌላውን መልሱ» ብሎ ማቅረብ የሚቻልበት ሳጥን አለ። ሁለተኛው የይገባኛል ጥያቄ ካስገባችሁ በኋላ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር የሚደረገው ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። የ90 ቀኑ ሰዓት እየቆጠረ፣ ዐቃቤ ሕጉም ክስ ይመሥርት አይመሥርት እያሰበ ስትደራደሩ ጉልበት አላችሁ። ጉዳዩ ገና መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ሳለ የምታቀርቡት ቅናሽ ግን ሌላውን ወገን የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

በስምምነት ስትጨርሱ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ይችላል። የጠበቃ ክፍያ ከመንግሥት አይመጣም። ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ።

ዝምታ

ደብዳቤውን ካልመለሳችሁ ገንዘቡ ያለ ዳኛ ይወረሳል። ካሽ ከሆነ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሌላ ንብረት ከሆነ እስከ 500,000 ዶላር ድረስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ መጨረስ ይችላል። ቤትና መሬት ግን ሁልጊዜ በፍርድ ቤት ብቻ ነው። የጉምሩኩ ቅጽ ላይ «ንብረቱን ትቻለሁ» የሚል ሳጥንም አለ። ሰው ፈርቶ እሱን ሲመርጥ ሰምቻለሁ። ገንዘቡን መተው ከወንጀል ክስ ነፃ አያደርግም። አንዱ ከሌላው ጋር አይያያዝም።

በእኛ ዘንድ የሚያጋጥሙ ጉዳዮች

የአደራ ገንዘብ ከሁሉ ከባዱ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሦስት አራት ቤተሰብ ገንዘብ ይይዛል። ሲያዝ «የእኔ ነው» ካለ በመሐላ ዋሽቷል። «የሰው ነው» ካለ ባለቤቶቹ ይጠየቃሉ። የፍርድ ቤቱ ደንብ አደራ ተቀባይ ጥያቄ ሲያቀርብ አደራ የሰጠውን ሰው እንዲገልጽ ያስገድዳል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱ ባለገንዘብ የራሱን ድርሻ ጠቅሶ የራሱን ጥያቄ ማስገባት ነው። ባለቤቶቹ ስማቸው እንዲወጣ ካልፈለጉ ገንዘቡ የመመለሱ ተስፋ በጣም ይመነምናል። አደራ ስትቀበሉ ይህን ንገሯቸው። እምቢ ካሉ አትቀበሉ።

እቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣው የደረሰው ሰው ገንዘቡ የእሱ ነው። ግን በምን ያሳያል? የእቁብ ደብተሩ፣ የሰብሳቢው ጽሑፍ፣ አባላቱ በየሳምንቱ ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ የላኩበት ታሪክ ካለ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሜሪካዊ ዳኛ እቁብን ላያውቅ ይችላል፤ አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ።

ኤርፖርት ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አገር ውስጥ በረራ ላይ መርማሪ ቀርቦ «ቦርሳህን ልየው?» ቢል እምቢ ማለት ይቻላል። የፍትሕ ሚኒስቴር በኅዳር 2024 ዲኢኤ በኤርፖርትና በአውቶቡስ ጣቢያ እንዲህ በፈቃድ የሚያደርገውን ፍተሻ እንዲያቆም አዟል፤ የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ ችግሩን ካሳወቀው በኋላ ነው። ከአገር ስትወጡ ወይም ስትገቡ ግን ጉምሩክ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መፈተሽ ይችላል። እዚያ የሚያድናችሁ ፊንሰን 105 የሚባለው ቅጽ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ ትሞሉታላችሁ። አይከፈልበትም፤ ቀረጥ አያመጣም። ኦፊሰሩ አውሮፕላኑ በር ላይ «ስንት ይዘሃል?» ሲል እውነቱን ተናገሩና ቅጹን ሙሉ። ለባልና ለሚስት ከፋፍሎ ከ10,000 በታች ማድረግ፣ ቅጹን ለመሸሽ ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ኢትዮጵያ ስትደርሱ የሚጠየቀው ማስመዝገብ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ባያስመዘግቡም የገንዘቡ ሁሉ መወረስ ተገቢ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ያየው ጉዳይ ይህ ነበር። በሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቆጵሮስ ሲሄድ 357,144 ዶላር የተያዘበት ሰው ነበር። ገንዘቡ ሕጋዊ ነበር፤ ዕዳ ሊከፍልበት ነው። ሰውዬው ሶርያ ውስጥ በአናሳነት ያደገ አርመን ነው፤ መንግሥትን ፈርቶ እንደዋሸ የሥር ዳኛው ተረድቶለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁሉንም መውረስ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ወሰነ። በ2019 ደግሞ ከኢንዲያና በመጣ ጉዳይ፣ ከልክ ያለፈ ቅጣት ክልከላው ስቴቶችንም እንደሚያስገድድ ወሰነ፤ ያኔ የተያዘው በ42,000 ዶላር የተገዛ ላንድ ሮቨር መኪና ነበር። አቤቱታም ይሁን ክርክር ስትጽፉ ይህ ተመጣጣኝነት የሚለው ነጥብ መነሣት አለበት።

የታክሲ፣ የኡበር ወይም የጭነት መኪና ሲያዝ ቀን በቀን ገቢ ይቆማል። ጉዳዩ እስኪያልቅ መኪናው እንዲለቀቅ የችግር ማመልከቻ ማቅረብ ይቻላል። በአካባቢው ኑሮ የመሠረታችሁ መሆኑን፣ መኪናው እንደማይጠፋ፣ መያዙ ሥራችሁን እንደሚያስቆም ታሳያላችሁ። መሥሪያ ቤቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልለቀቀ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ማመልከቻው ከይገባኛል ጥያቄው ጋር ነው የሚሄደው፤ አቤቱታ ብቻ የመረጠ ሰው ይህን አያገኝም። ካሽ በዚህ አይለቀቅም፤ የሕጋዊ ንግድ ገንዘብ ከሆነ ብቻ ይታያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ለተያዘ መኪና የተለየ ፈጣን ችሎት የግድ አይደለም ስላለ፣ ይህ ማመልከቻ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የያዛችሁ የከተማ ፖሊስ ከሆነ መጀመሪያ ጉዳዩ በስቴት ሕግ ነው ወይስ ለፌዴራል ተላልፏል ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኒው ሜክሲኮ በ2015፣ ነብራስካ በ2016፣ ሜይን በ2021 ያለ ወንጀል ፍርድ መውረስን አስቀርተዋል። ሌሎች ስቴቶች ጋ ባለቤቱን የማይጠብቅ ሕግ አለ፤ ጊዜውም ከፌዴራሉ ሊያጥር ይችላል።

ምን ይዘጋጅ?

በተያዘበት ቀን የተሰጣችሁን ደረሰኝ አትጣሉ። የኦፊሰሩ ስም፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተቆጠረው መጠን በዚያው ቀን ይጻፍ። ከዚያ የገንዘቡን መንገድ በተራ አሳዩ፤ ከየት መጣ፣ መቼ ከባንክ ወጣ፣ ለምን ተያዘ፣ ወዴት ይሄድ ነበር። ሦስት ዓመት የታክስ ፋይል፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የአገር ቤት የግንባታ ውል ወይም የሆስፒታል ወረቀት ያስፈልጋል። በአማርኛ የተጻፈው ይተርጎም፤ ተርጓሚውም ይፈርምበት።

ወረቀቱ ፊርማ ተቀብሎ በሚያስረክብ ፖስታ ይላክ፤ ቀኑ ሳይደርስ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በፎርፊቸር ዶት ገቭ በኩልም ይቀበላሉ፤ ሲገባ የሚሰጠውን ማረጋገጫ አትሙት። ደብዳቤው ላይ ያለው የንብረት መለያ ቁጥር በምትልኩት ወረቀት ሁሉ ላይ ይግባ።

ገንዘቡ እንዲመለስ ሲወሰን የባንክ ሒሳብ መሙያ ቅጽ ይላክላችኋል። ያልተከፈለ የፌዴራል ታክስ ወይም የልጅ ማሳደጊያ ዕዳ ካለባችሁ፣ ከሚመለሰው ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ከጠበቃ ጋር በድርሻ የተዋዋላችሁ ከሆነ ስሌቱ ከመቆረጡ በፊት ካለው ነው ወይስ እጃችሁ ከሚገባው የሚለው ውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።